ሐረር ለአንድ ቀን፦ ሸሪፍ ሙዚየም ያለውን የጦር መሣሪያ ለተማሪዎች እንዴት እናሳይ?

ከዚራ_መምህርት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የታሪክ ክበባችን 32 ልጆች፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ከድሬዳዋ ተነስተው ለአንድ ቀን ሐረር ይወጣሉ። ርዕሱ የጦር ታሪክ ነው፤ ከጨለንቆ (ምኒልክና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ የተዋጉበት) እስከ ካራማራ (የሶማሊያ ጦርነት)። ዋና መቆያችን ሸሪፍ ሙዚየም ውስጥ ያሉት የጦር መሣሪያዎች እንዲሆኑ አስበናል። የምፈራው አንድ ነገር ነው። ልጆች ትንሽ ሙዚየም ሲገቡ በሩብ ሰዓት ዞረው «ጨረስን» ይላሉ፤ ጠመንጃ ሁሉ ለእነሱ ያው ጠመንጃ ነው። ምን ላይ ይቁሙ? በምን ቅደም ተከተል? ምን ይዘው ይምጡ? ሰዓትና ቁጥር ያለበት መልስ ነው የምፈልገው።

ጀጎል_ነዋሪ

መምህርት፣ ከመንገዱ ልጀምር። ከድሬ ሐረር 54 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከ1,200 ሜትር ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ስለሚወጣ ደንገጎ ላይ የሞላ አውቶቡስ ያዘግማል። አወዳይ ላይ ደግሞ የጫት ገበያው መንገዱን ያጣብበዋል። አንድ ሰዓት ተኩል ያዙለት። ጠዋት 1 ሰዓት ከተነሳችሁ 2፡30 ሐረር በር ላይ ናችሁ። የድሬን ሙቀት የለመደ ልጅ በዚያ ሰዓት ሐረር ላይ ይበርደዋልና ሹራብ ይያዝ።

አውቶቡሱን ሐረር በር ውጭ አቁሙት። ያ በር ለመኪና ተብሎ በኋላ የተከፈተ ነው፤ ከበሩ ወደ መሃል አደባባዩ፣ ወደ ፈረስ መጋላ፣ የሚያስገባው መንገድም ሰፊ ነው። ከፈረስ መጋላ ወዲያ ግን ያለው መንገድ ለእግረኛና ለአህያ የተሠራ ነው፤ አውቶቡስ ገብቶ መዞሪያ አያገኝም።

አርብን ተዉት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ለጁምዓ ይዘጋል፣ ጀጎልም (በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ) በዚያ ሰዓት ጭር ይላል። በሌላውም ቀን ሙዚየሙን ጠዋት አድርጉት። ከምሳ በኋላ የበርጫ፣ ጫት የሚቃምበት፣ ሰዓት ነው፤ የምትፈልጉትን ሰው ማግኘት ይከብዳል።

32 ልጅ አንድ ላይ አይግባ። ሙዚየሙ ያለው ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ቤት ውስጥ ነው፤ ቤቱ መኖሪያ ሆኖ የተሠራ እንጂ አዳራሽ አይደለም። 11፣ 11 እና 10 አድርጋችሁ ሦስት ቦታ ክፈሏቸው። አንዱ ቡድን ሙዚየሙ ውስጥ፣ አንዱ ቅርብ ባለው፣ በፈረንሳዊው ባለቅኔ ስም በሚጠራው ራምቦ ቤት (የድሮ ሐረር ፎቶዎች እዚያ አሉ)፣ ሦስተኛው ፈረስ መጋላ ላይ ይሁን። እያንዳንዱ 50 ደቂቃ፣ ለመዘዋወር 10 ደቂቃ። ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያልቃል። መግቢያውን፣ የካሜራውን ክፍያና የተማሪ ቅናሹን ቀድማችሁ አጣሩ፤ የትምህርት ቤቱ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ።

ውጅግራ_74

«ጠመንጃ ሁሉ ያው ጠመንጃ ነው» ያልሽው ላይ ልግባ፤ ትልቁ ሥራ እዚያ ነው። ትንሽ ሙዚየም ውስጥ የዕቃው መግለጫ ወረቀት አንድ መስመር ነው፤ አንዳንዴም የለም። ዋናው ጽሑፍ ያለው ብረቱ ላይ ነው። ልጆቹ ቃታውን (ምላጩን ሳይሆን ጥይት ለማጉረስ ወደ ኋላ የሚሳበውን ብረት)፣ ከሆዱ ሥር ያለውን፣ የአፈሙዙን ስፋትና ማህተሙን ማየት ከለመዱ ጠመንጃው ራሱ ዘመኑን ይነግራቸዋል። በእኛ አካባቢ ስብስቦች የሚያጋጥሙትን በዕድሜያቸው ልደርድር።

ሰናድር ከአፈሙዝ ይጎርስ የነበረ ጠመንጃ ነው፤ በኋላ ጀርባው ተቆርጦ ማጠፊያ ያለው ክዳን ተገጠመለት። ክዳኑ ወደ ቀኝ ይከፈታል። የአፈሙዙ ቀዳዳ 14.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትንሿን ጣት የሚያስገባ ይመስላል። ከመስታወት ውጭ ቆመው እንኳ በዚህ ይለያል።

ረሚንግቶን ለሐረር ከሁሉም የሚቀርብ ነው። ግብፆች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ሐረርን ሲይዙ የጦራቸው መደበኛ ጠመንጃ ይህ ነበር። የሚሳብ ቃታ የለውም። ሁለት ጆሮ የሚመስሉ ብረቶች አንዱ ከሌላው ኋላ ቆመው ታያላችሁ፤ የኋለኛው መዶሻው ነው፣ የፊተኛው የጥይት ቤቱ መክደኛ። ሁለቱም ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። መዶሻው ሲወድቅ መክደኛውን ከኋላ ደግፎ ይይዘዋል፣ ባሩዱ ሲፈነዳም መክደኛው እንዳይከፈት ያደርጋል። ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ አቧራና ቸልታ ይችላል።

ውጅግራ፣ ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 1.30 ሜትር፣ ክብደቱ 4.2 ኪሎ ገደማ። ካዝና (የጥይት ማከማቻ) የለውም፤ ከሆዱ ሥር የሚወጣ ነገር አታዩም፣ አንድ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። የቃታው እጀታ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ይወጣል። በግራ ጎኑ፣ ከጥይት ቤቱ ላይ፣ የፋብሪካው ስም በተያያዘ የእጅ ጽሕፈት መልክ ተቀርጿል፤ ብዙ ጊዜ ሴንት ኤትየን ነው።

ለቤን እ.ኤ.አ. የ1886 የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፣ 8 ሚሊ ሜትር። ካዝናው ከበርሜሉ ሥር ባለው የፊት እንጨት ውስጥ የተዘረጋ ቱቦ ነው፤ 8 ጥይት ይይዛል። ከውጭ ሲያዩት ካዝና የሌለው ስለሚመስል ከውጅግራ ጋር ይምታታል። የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ይለየዋል።

አሁን ወደ ጣሊያኖቹ። ቬተርሊ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሆዱ ሥር 4 ጥይት የሚይዝ ሳጥን ወጥቶለታል። ካርካኖ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6 ጥይት በብረት ማቀፊያ ታስሮ ከላይ ይገባል። የመጨረሻው ጥይት ሲገባ ባዶው ማቀፊያ ከካዝናው ሥር ባለው ቀዳዳ ወደ መሬት ይወድቃል። ያን ቀዳዳ ልጆቹ ጎንበስ ብለው ይዩት። ማቀፊያው ከጠፋ ካዝናው አይሠራም። ጠመንጃውን ማርኮ ማቀፊያውን ያላገኘ አርበኛ እጁ ላይ ያለው ጠመንጃ ግማሹ ብቻ ነው።

አንድ ትልቅ ስህተት በዚህ ይያዛል። የትም ሙዚየም ውስጥ «ከአድዋ የተማረከ» ተብሎ ካርካኖ ቢቀርብ፣ በርሜሉ ላይ ያለውን ዓመት አንብቡ። ካርካኖ የተሠራበት ዓመት በርሜሉ ላይ ይመታል። ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የፋሺስት ዘመን ቁጥር በሮማ አኃዝ ይጨመርበታል፤ ያ ዘመን የሚቆጠረው ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ነው። የሮማ 14 ካለበት ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው ማለት ነው። የመጣው ከወረራው ጋር ነው፣ አድዋን አያውቃትም። አድዋ ላይ የዋናው የጣሊያን ጦር ብዙ ወታደር የያዘው ቬተርሊ ነበር፤ የተከማቸ አሮጌ ጥይት ይለቅ ተብሎ አዲሱን ካርካኖ አስረክበው አሮጌውን ተቀብለዋል። የተማረከው ሲታይ ቬተርሊ መብዛት አለበት።

ከዚያ ወዲህ ያለው ይቀላል። በልጅግ የቤልጅግ ማውዘር ነው፤ ለኢትዮጵያ በተሠራው ላይ አንበሳው ጥይት ቤቱ ላይ ተመትቷል። ኤም ዋን ጋራንድ የንጉሡ ዘመን ጦር የታጠቀው የአሜሪካ ጠመንጃ ነው፣ 8 ጥይት፣ 4.3 ኪሎ። ክላሽ ባለ 30 ጥይት ካዝና፣ አጭር፣ 87 ሳንቲ ሜትር ገደማ።

የ1969ኙን ጦርነት ለማስረዳት ጋራንድና ክላሽ ጎን ለጎን ከተገኙ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ሚያዝያ 1969 ላይ ከአሜሪካ ጋር የነበረው የጦር ግንኙነት ተቋረጠ፣ የሶቪየት መሣሪያ መግባት ጀመረ፤ የሶማሊያ ጦር የገባው በዚያው ክረምት ነው። የኢትዮጵያ ጦር በጦርነት መሃል የጠመንጃውን ዓይነት፣ የጥይቱን መጠንና የመለዋወጫውን ምንጭ መቀየር ነበረበት። አንዱ ጠመንጃ የሌላውን ጥይት አይጎርስም።

ከዚራ_መምህርት

ውጅግራ፣ አቦ ይመችህ! ይህን አትሜ እይዘዋለሁ። አንድ ጥያቄ፦ ሕዝቡ ሁሉንም «ምንሽር» ሲል ነው የምሰማው። ልጆቹም ቤታቸው የሰሙት እሱን ነው።

ውጅግራ_74

ስሙ ማንሊከር ከሚባለው የኦስትሪያ ጠመንጃ የመጣ ነው ይባላል፤ በአነጋገር ግን ቃታው የሚሳብና ካዝና ያለው ረጅም ጠመንጃ ሁሉ ምንሽር ሆኗል። ልጆቹን አታርሚያቸው፣ አስጨምሪያቸው እንጂ፦ «ምንሽር ነው፣ የየት አገር ምንሽር?» ብለሽ ጠይቂ። ሰናድርን ወይም ረሚንግቶንን ምንሽር ካሉ ግን ስህተት ነው፤ ካዝናም የሚሳብ ቃታም የላቸውም።

የታሪክ_ወዳጅ

ራምቦ ቤት ስትገቡ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ለምኒልክ ጠመንጃ እንደሸጠ ንገሯቸው። ጨለንቆን ያሸነፉበት ጠመንጃ እሱ ነው።

ደርቡሽ_ግራር

የታሪክ ወዳጅ፣ ይቅርታ፣ ይህን ልጆቹ እንዳይዙት ላቃና። ጨለንቆ በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ነው፤ በፈረንጅ ጥር 1887 መጀመሪያ። የራምቦ ግመሎች ታጁራን የለቀቁት ጥቅምት 1886 እ.ኤ.አ. ሲሆን ሸዋ የገቡት የካቲት 1887 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ነው፤ ጦርነቱ አልቆ፣ ምኒልክ ሐረር ገብተው። ጭነቱ 2,000 ያህል ጠመንጃ ነበር፤ እነሱም ከአፈሙዝ የሚጎርሱ፣ በአውሮፓ ጊዜያቸው ያለፈ ነበሩ።

ቤቱም ራምቦ የኖረበት አይደለም። እሱ በ1891 እ.ኤ.አ. ሞተ፣ ቤቱ ከዚያ በኋላ የተሠራ የነጋዴ ቤት ነው። ይህ ሁሉ ፎቶዎቹን አያሳንሳቸውም። ፎቶዎቹ ላይ ግንቡ ያለ መንገድና ያለ ሕንፃ ዙሪያውን ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ስለ መከላከያ ለማስተማር ያ ባዶ ሜዳ ትልቅ ነገር ነው።

የታሪክ_ወዳጅ

ትክክል ነህ፣ ወሩን አላሰላሁትም። አመሰግናለሁ።

ሰገባ

ስለ ጎራዴና ጋሻ ማንም አላነሳም።

ጎራዴውን ከእጀታው ሥር ያለው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አንብቡት። ብዙው ስለት ከውጭ ተሠርቶ የመጣ ነው፤ ዞሊንገን የሚለው የጀርመን ከተማ ስም ይገኛል፣ በስለቱ ላይም የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ በአሲድ ተቀርጾበታል። እጀታውና ሰገባው ግን የአገር ውስጥ ሥራ ነው፤ እጀታው ብዙውን ጊዜ ቀንድ፣ ሰገባው በቆዳ የተለበጠ። ልጆቹ የት የተሠራው ክፍል የት እንደሚያበቃ በጣታቸው ያመልክቱ፣ ሳይነኩ። ሾተል ሌላ ነው፤ ማጭድ እስኪመስል የታጠፈ፣ የባላንጣን ጋሻ ዞሮ ከኋላ የሚወጋ።

የጦረኛ ልብስ የለበሰ አሻንጉሊት ካያችሁ ጎራዴው በየት በኩል እንደተሰቀለ ተመልከቱ። የአገራችን ጦረኛ ጎራዴውን በቀኙ ይታጠቅ ነበር፤ ግራ እጁ ጋሻ ስለያዘ። በግራ ከተሰቀለ ያለበሰው ሰው የፈረንጅ ሥዕል አይቶ ነው።

ጋሻው ከጎሽ ወይም ከበሬ ቆዳ ነው፣ እርጥብ ሳለ በቅርጽ ላይ ተወጥሮ የደረቀ። በብር ወይም በናስ የተለበጠው የማዕረግ ጋሻ ነው። ጀርባውን ካሳዩአችሁ እዚያ ተመልከቱ፤ የእጅ መያዣው ጠፍር ያለቀ፣ በላብ የጠቆረና የተተካ ከሆነ ተይዞበታል። ጠፍሩ አዲስ እንደሆነ ያለ ከሆነ የክብር ስጦታ ወይም የግድግዳ ጌጥ ነበር ለማለት ያስደፍራል።

ባሩድ

ስለ ደኅንነት፣ ለአስተማሪዎቹ ብቻ።

ከአፈሙዝ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ባሩድ ውስጡ ሊቀር ይችላል። ጥቁር ባሩድ ደረቅ ሆኖ ከቆየ መቶ ዓመት አያበላሸውም። የስብስብ ባለሙያ የሚፈትሸው እንዲህ ነው፦ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ ያስገባል፣ እስከሚቆም ድረስ፤ በአፈሙዙ ልክ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ዘንጉን አውጥቶ በውጭ በኩል በበርሜሉ ላይ ያጋድመዋል። የዘንጉ ጫፍ መለኮሻው ቀዳዳ ካለበት ቦታ ጋር ከተገናኘ ባዶ ነው። 3 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ቀድሞ ከቆመ ውስጡ የሆነ ነገር አለ። የተጠራቀመ ቆሻሻ ይሆናል፣ ጥይትና ባሩድም ይሆናል፤ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደጎረሰ ነው የሚቆጠረው። ይህን ልጆች አይሞክሩት፣ አስተማሪም አይሞክረው። ግን ለጠባቂው «ተፈትሿል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ማንም ባዶ ጠመንጃ ምላጩን ስቦ «ቃ» አያድርግ። የአሮጌ ጠመንጃ መርፌ በዚያ ይሰበራል፣ መለዋወጫም የለውም።

አለመንካት የሚባለውም ለወጉ አይደለም። የላብ ጨው ብረት ላይ ሲቀር እርጥበት ይስባል፤ በቀናት ውስጥ የጣት አሻራው በዝገት መስመር ይወጣል። ከዚያ ዝገቱን ለማስለቀቅ በሸካራ ነገር ይፈገፈጋል፣ አብሮም የፋብሪካው ማህተም ይጠፋል። ውጅግራ ከላይ የዘረዘረው ሁሉ የሚነበበው ከዚያ ማህተም ነው። የጋሻ ቆዳን በቅቤ ወይም በምግብ ዘይት ማሸትም እንደዚያው ነው፤ ለሳምንት ያበራል፣ ከዚያ ዘይቱ ይገማል፣ አቧራ ይይዛል፣ ነቀዝና አይጥ ይጠራል።

ሌንስ_ሐረር

ፎቶ። መጀመሪያ ፈቃድ።

መስታወት ውስጥ ላለ ዕቃ ስልኩን መስታወቱ ላይ አስጠግታችሁ ግጠሙት፣ በእጅ ወይም በጥቁር ሻሽ ዙሪያውን ከልሉ። የራሳችሁ ምስል የሚገባው ስልኩ ከመስታወቱ ሲርቅ ነው። ፍላሽ አጥፉ፤ መስታወቱ መልሶ ይልከውና መሃሉ ነጭ ይሆናል። ለማህተም ንባብ ሁለተኛ ስልክ ይዞ መብራቱን ከጎን፣ ከብረቱ ጋር ሊተኛ በተቃረበ ማዕዘን ማብራት ነው፤ ጥላው ፊደሉ ውስጥ ይገባና በዓይን ያልታየው ቁጥር ይወጣል። ከፊት ካበራችሁበት ግን ሁሉም ይነጣል። መብራቱን ጨርቅና ብራና ላይ አታቆዩት፤ ቀለም የሚያነጣው ብርሃን ይጠራቀማል፣ የጠፋ ቀለም አይመለስም። የሚነበብ ነገር ባለበት ፎቶ ላይ ትንሽ ማስመሪያ አብሮ ይግባ።

ከከተማው ውጭም ውስጥም የጦር ካምፕ አጥር ሲያጋጥማችሁ ስልክ ኪስ ውስጥ። የቀድሞውን የሐረር ጦር አካዳሚ ልጆቹ በስም ሰምተው ሊጠይቁ ይችላሉ፤ በ1950 ዓ.ም. የተከፈተ፣ በህንድ መኮንኖች መሪነት የሦስት ዓመት ሥልጠና ይሰጥ የነበረ ነው። በአውቶቡስ ውስጥ መንገር ይበቃል።

አቡ_ሒሳብ

ቀን ላይ ልጆች ይወድቃሉ፣ አስጎብኚም ይወድቃል። ሐረር ላይ ሦስት አቆጣጠር ነው የምታገኙት። የእኛና የፈረንጁ ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ካራማራ የካቲት 26 ቀን 1970፣ በፈረንጅ መጋቢት 5 ቀን 1978፤ 8። የሐረር የአየር ድብደባ መጋቢት 20 ቀን 1928፣ በፈረንጅ መጋቢት 29 ቀን 1936፤ 8። መግለጫ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተጻፈ በወሩ አጣሩ።

ሦስተኛው ሂጅራ ነው፤ የአሚሮቹ ሳንቲሞችና የእጅ ጽሑፎቹ በእሱ ነው የተጻፉት። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያጥራል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ቁጥር መደመር አይሆንም። ሂጅራውን በ0.97 አባዙ፣ 614 ደምሩ፣ የእኛ ዓመት ይመጣል። 1304 ሂጅራን ውሰዱ፤ 1,264.9 ሲደመር 614፣ 1,878.9። 1879 ዓ.ም. ማለት ነው፣ የአሚር አብዱላሂ የመጨረሻ ዓመትና የጨለንቆ ዓመት። አንድ ዓመት ሊያዛንፍ ይችላል፣ ከዚያ አይበልጥም። ካልኩሌተር ይያዙ።

ጀጎል_ነዋሪ

መምህርት፣ ሙዚየሙ ከተጠናቀቀ በኋላ ግንቡን ሳታዩ አትሂዱ፤ ሐረር ካላት የጦር ታሪክ ዕቃ ትልቁ እሱ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታጠረ፣ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ዙሪያ፣ ቁመቱ በብዙ ቦታ 4 ሜትር የሚጠጋ። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በርና ቡዳ በር። ሐረር በር ስድስተኛው ነው። ሙሉውን መዞር ከልጆች ጋር ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ጊዜ ካጠረ ከኤረር በር እስከ ቡዳ በር ብቻ ሂዱ።

በግንቡ ሥር ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች ብዙ ጎብኚ «የጠመንጃ ቀዳዳ» ይላቸዋል። አይደሉም። የጎርፍ ውሃ የሚወጣባቸውና ሌሊት ጅብ የሚገባባቸው ናቸው። ለመተኮሻ የተሠራ ቢሆን ኖሮ በሰው ደረት ልክ ይሆን ነበር፤ እነዚህ ግን መሬት ላይ ናቸው። ልጆቹ ራሳቸው ተንበርክከው ያረጋግጡት።

ከቡዳ በር ወጥታችሁ ወደ ሐኪም ተራራ አንጋጡ። ተራራው ከተማውን ከላይ ነው የሚያየው። 4 ሜትር ግንብ ጦርና ጋሻ የያዘን ያቆማል፤ ተራራው ላይ መድፍ ለተከለ ግን የግቢ አጥር ነው። ይህን ቆሞ ያየ ልጅ አሚሩ ለምን ግንቡ ውስጥ ሆኖ እንዳልጠበቀ፣ ወጥቶ ጨለንቆ ላይ ለምን እንደገጠመ ለመከራከር መነሻ ያገኛል።

የራስ መኮንንን የፈረስ ሐውልት አትፈልጉ፤ የቆዩ የጉብኝት መጻሕፍት ላይ አለ፣ ሰኔ 2012 ፈርሷል። የጨለንቆ ሰማዕታት መታሰቢያ ግን ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ አለ።

እሙ_ነስሪያ

ስለ እሱ አንድ ነገር ልበል፣ ልጆቼ። ጨለንቆ ለሐረር ሰው የሐዘን ቀን ነው። ሌላ ቦታ አገር የተሰበሰበበት ተብሎ ይማራል፤ እዚህ ግን የወደቁትን ስም ከቤተሰቡ የሰማ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ሊሆን ይችላል። መምህርቷ በአደባባዩ ላይ «አሸነፍን» እና «ተሸነፉ» የሚሉትን ቃላት ትተው «ምኒልክ» እና «አሚር አብዱላሂ» ብለው በስም ቢጠሩ ጥሩ ነው። የ1970ውን ዘመቻ የተዋጉ ሰዎችም በሕይወት አሉ። ልጅ እንዲህ ያለ አባት ሲያገኝ «ስንት ገደልክ» ብሎ ይጠይቃል። «ምን ትበሉ ነበር? ውሃ ከየት ታመጡ ነበር? ደብዳቤ እንዴት ይደርሳችሁ ነበር?» ብሎ እንዲጠይቅ ቀድማችሁ አስጠኑት፤ ሰውየው ለዚህ መልስ አለው፣ ደስ ብሎትም ያወራል።

ደርቡሽ_ግራር

እማማ ትክክል ብለዋል። ሰዓት ከተረፈ የጦርነት መቃብሩንም ጨምሩ፤ የ1933ቱን ዘመቻ ለማስረዳት ጥሩ ቦታ ነው። የእንግሊዝ ጦር ከጅጅጋ በማርዳና በባቢሌ በኩል መጥቶ ሐረርን የያዘው መጋቢት 1933 ነው፣ ድሬዳዋን ከጥቂት ቀን በኋላ። ወደ ሐረር የገባው ብርጌድ የናይጄሪያ ነበር፤ ልጆቹ «እንግሊዝ» ሲባል ነጭ ብቻ ያስባሉ። መቃብሩ ላይ ማዕረግ፣ ክፍለ ጦርና ቀን ይነበባል። ዝም ብሎ ማንበብ 20 ደቂቃ ይበቃዋል።

ከዚራ_መምህርት

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ፤ ስህተት ካለ ንገሩኝ። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ዝም ብሎ መዞር። ከዚያ አንድ ዕቃ መምረጥና 25 ደቂቃ እሱ ላይ ብቻ መቆየት፦ መሣል፣ ማህተሙን እንዳለ መገልበጥ፣ ከምን ከምን እንደተሠራ መጻፍ፣ መግለጫው ከሚለው ጋር ማነጻጸር። የቀረውን 15 ደቂቃ ለጓደኛው ማስረዳት። የመጨረሻው ጥያቄ «ይህን ዕቃ ማን ተጠቀመበት?» ነው። ለአፈሙዝ ስፋት ደግሞ እርሳስ እንደ መለኪያ ልንጠቀም አስበናል።

ውጅግራ_74

እርሳሱ ጥሩ መለኪያ ነው፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የካርካኖው 6.5 ቀዳዳ ከእርሳሱ ይጠባል፣ የውጅግራው 11 ይሰፋል። ግን ማስገባት የለም፤ ከመስታወቱ ውጭ አጠገቡ ይዞ በዓይን ማነጻጸር ብቻ። እርሳስ ይሁን እንጂ እስክሪብቶ አይግባ፤ ቀለም ብራና ላይ ከተንጠባጠበ አይለቅም።

ባሩድ

የመጨረሻውን ጥያቄ ቀይሪው፣ መምህርት። «ማን ተጠቀመበት» ካልሽ ልጁ ይፈጥራል፤ ራስ እገሌ ብሎ ይጽፋል። «ይህ ዕቃ እዚህ እንዴት ደረሰ?» በይው፣ ሁለት መስመር ስጪው። አንዱ «ጠባቂው የነገረኝ»፣ ሌላው «ዕቃው ላይ ያየሁት»። ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱንም ይጻፍ፣ አንዱን አይሰርዝ።

ከዚራ_መምህርት

ቀይሬዋለሁ። ረቡዕ ነው የምንመጣው፣ 2፡30 ሐረር በር።